አስቀድሞ የተጻፈ «ደህና»

ይህን ክርክር የሰማሁት ጢሜን ልላጭ ከገባሁበት ፀጉር ቤት፣ ወረፋ ስጠብቅ ነው። አስተማሪ ነኝና ክርክር በተነሳበት ሁሉ ጆሮዬ ይቆማል። ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ በከተማችን የኑክሌር ኃይል ማመንጫ የውሃ ፓምፕ ሲጠብቁ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። ግማሽ ፊታቸው አረፋ እንደለበሰ የእህታቸው ልጅ ገባች፤ ማመንጫዎችን የምትቆጣጠር መሐንዲስ ናት። የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ማመንጫው ወደ ግል ይዛወር ወይስ በመንግሥት እጅ ይቆይ የሚል የሕዝብ ስብሰባ ነበር።

«አጎቴ፣ ስብሰባው ላይ ይናገራሉ አሉ?»

«እናገራለሁ እንጂ! ለባለሀብት ቢሸጥ ትርፉን እያየ ጥገናውን ይዘላል። የመንግሥት ሲሆን ግን የሁላችንም ነው፤ የሚደበቅ ነገር የለም።»

«የባለሀብቱ ነገር እኔንም ያሰጋኛል። ግን በእናንተ ጊዜ መዝገቡን ማን ነበር የሚጽፈው?»

«እኛው!»

«የሚያየውስ?»

«እሱም እኛው» አሉና ሳቅ አሉ።

መሐንዲሷ አልሳቀችም። «የግሎቹም እንደዚሁ ናቸው፤ ራሳቸው ጽፈው ራሳቸው ያያሉ። ባለቤቱ ማንም ይሁን፣ ከውጭ መጥቶ ‹አቁሙ› የሚል ሰው ያስፈልጋል።»

«የራሳችንን ሰው ማመን ትተን ባዳ እናስገባ?»

ይህን ጊዜ የፀጉር አስተካካዩ ምላጭ ቆመ። በመስተዋቱ ውስጥ እጁ ይታየኛል፤ ከክርኑ እስከ ጣቶቹ ጠባሳ ነው። ሽማግሌውም ያንኑ እጅ አዩ።

«ልጄ፣ እኛ ዘንድ አንድ ልማድ ነበር» አሉ ድምፃቸው ወርዶ። «ፈረቃ ስንረከብ፣ ገና ፓምፖቹን ዞረን ሳናይ መዝገቡ ላይ ‹ደህና› ብለን እንጽፋለን። አንድ ቀን ጽፌ ስዞር አንዱ ፓምፕ ይንቀጠቀጣል። የጻፍኩትን መሰረዝ መሥሪያ ቤታችንን ማዋረድ መሰለኝና ተውኩት። በኋላ እንፋሎቱ አምልጦ ያቃጠለው አብሮኝ ይሠራ የነበረውን ይሄን ሰው ነው። መዝገቡ ደህና ስለሚል ‹በራሱ ቸልተኝነት ነው› ተብሎ ተባረረ። እኔም ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲህ ከዚህ ቤት ሌላ የትም ተላጭቼ አላውቅም፤ ይቅርታ ማለት ግን አቃተኝ።»

አዘንኩላቸው፤ ተናደድኩባቸውም።

«እንግዲህ ለየትኛው ወገን ልናገር?» አሉ ሽማግሌው።

«ለሁለቱም፣ አጎቴ። መንግሥትም ይያዘው ባለሀብት፣ መዝገቡን የውጭ ተቆጣጣሪ ይየው ይበሉ። ያኔ የሠራተኛው እጅ ይተርፋል፤ ያላጠፋ አይባረርም፤ ሰፈሩም ያለ ስጋት ይኖራል።»

«እላለሁ። የራሴንም ‹ደህና› ጭምር እናገራለሁ።»

ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን ውሃ ውስጥ ነክሮ ቀስ ብሎ ጠረገው።

«ቀና በል» አለ በመጨረሻ። «ይሄኛውን ጉንጭህን ልጨርስና አብሬህ እሄዳለሁ። ስትናገር ፊት ለፊት ተቀምጬ ልስማህ።»

የኔ ጢም ለሌላ ቀን ቀረ። ፀጉር ቤቱ ሲዘጋ ሦስቱን ተከትዬ ወጣሁ።