አቶ ታረቀኝ ስንት ሰው ናቸው?

ሆስፒታል ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጦ ወረፋ መጠበቅ ሰውን ያግባባል ይላሉ። እኔ ነቀምቴ ከተመደብኩ ወዲህ ብዙ ወረፋ ጠብቄአለሁ፤ ያግባባኝ ግን አልነበረም። አሳምነው እባላለሁ፤ ከደብረ ብርሃን መጥቼ ሂሳብ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ «ቲቸር» ይሉኛል፣ አከራዬም «ቲቸር» ትለኛለች፤ ባኬ ጃማ ሰፈር ወዳለችው የኪራይ ክፍሌ ስገባ ደግሞ ጭራሽ የሚጠራኝ የለም። በዚያን ሐሙስ መዳፌን የዛገ ሚስማር ወግቶኝ የቴታነስ መርፌ ልወጋ ተራዬን እጠብቅ ነበር።

ከጎኔ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ግራ እግራቸው ከቁርጭምጭሚቱ በላይ አብጦ ቀልቷል፤ የዚያን እግር ጫማ አውልቀው ጉልበታቸው ላይ ይዘውታል። ነርሷ ከመርፌ ክፍል ብቅ ብላ «ታዲዮስ!» ስትል የተነሣ ሰው አልነበረም። ደግማ ጠራች። ሽማግሌው ግድግዳውን ያያሉ። ቀርባ «አባባ፣ ታዲዮስ እርስዎ አይደሉም እንዴ?» ስትላቸው፣ የቤት ሥራውን እንደረሳ ተማሪ ደንግጠው «አዎ! አዎ፣ እኔ ነኝ» አሉ። በዚህ ዕድሜው ስሙን ገና ያልለመደ ሰው አይቼ ስለማላውቅ ትክ ብዬ አየኋቸው።

በዚህ መሀል ነጭ ጋዋን የለበሰች ወጣት በኮሪደሩ ስታልፍ ቆም አለች። ሶረቲ ትባላለች፤ ነቀምቴ አጠገብ ያለችው የጉቴ ከተማ ልጅ ናት፤ በሆስፒታሉ የበሽተኞችን መረጃ በኮምፒዩተር በሚይዘው ክፍል ትሠራለች።

«አባባ፣ አከም ጅርቱ?» ብላ በኦሮምኛ ደኅንነታቸውን ጠየቀች።

«ነጉማ፣ ልጄ፣ ነጉማ።»

«ክረምት ላይ መርፌ ተወግተው ትንፋሽ ያጠረዎት፣ ከዚህ ክፍል በቃሬዛ ያወጡዎት እርስዎ አይደሉም?»

«አይደለሁም። እኔ ዛሬ ገና ነው የመጣሁ።»

ሶረቲ ወደ ነርሷ ዞራ በኦሮምኛ መርፌውን ለአፍታ እንድታቆየው ለመነቻት። ነርሷ «መዝገባቸው አዲስ ነው፤ የሚከለክል ነገር አልተጻፈበትም» ብላ ትከሻዋን ነቀነቀችና እኔን ጠራች። ተራዬን ከኋላዬ ላለው ሰው ለቀቅኩ። የሰው ጉዳይ መስማት የማይወድ ካለ እሱ ይፍረድብኝ።

«አባባ» አለች ሶረቲ አጠገባቸው ተቀምጣ፣ «ያን ቀን የተወጉት መድኃኒት ለሰውነትዎ የማይስማማ ነው። ዛሬ የታዘዘልዎትም ያው ከሆነ ሊገድልዎት ይችላል። እኔ የማስታውሰው ፊትዎን ነው፤ የመድኃኒቱ ስም ያለው ያኔ የተመዘገቡበት መዝገብ ውስጥ ነው። ማን ብለው ነበር የተመዘገቡት?»

«መድኃኒቱ ምን አደረገ? ባዶ ሆዴን ስለነበርኩ ነው እንጂ» ብለው አመለጣቸው።

«እንግዲያው እርስዎ ነበሩ!»

ሽማግሌው ጫማቸውን አገላበጡት። «ብሆንስ? የኔ በሽታ ኮምፒዩተር ውስጥ ገብቶ ለከተማው ሁሉ እንዲዳረስ ምን አስፈለገ? ድሮ ለሐኪም የነገሩት ነገር እዚያው ከሐኪሙ ዘንድ ይቀር ነበር።»

«ድሮማ አባባ፣ ካርዱ መደርደሪያ ላይ ተከምሮ ያለፈ ያገደመው ሁሉ ይገልጠው ነበር። አሁን የሚከፍተው የሚያክምዎት ሰው ነው፤ ያውም በራሱ የይለፍ ቃል። ማን መቼ እንደ ከፈተው ይታወቃል። እኔም ብሆን ያለ ሥራዬ ብከፍት እጠየቃለሁ።»

«መብራት ሲጠፋስ? ነቀምቴ መብራት አይጠፋም ልትዪኝ ነው?»

«እሱማ ይጠፋል» ብላ ሳቀች። «ጄኔሬተር አለን። እሱም እምቢ ካለን በወረቀት ጽፈን መብራት ሲመጣ እናስገባዋለን። መረጃው ሌላ ቦታ ቅጂ አለው፤ ወረቀቱን ግን ዝናብ ሲያርሰው ምን ቅጂ ነበረን?»

እኔም በሆዴ ፈረድኩላት። የዛሬ ዓመት ካርድ ክፍሉ በር ላይ አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ ቆሞ፣ ካርዱ ስላልተገኘ ሳይታከም ሲመለስ በዓይኔ አይቻለሁ። ሽማግሌው ግን እሷ ባስረዳች ቁጥር ይበልጥ ፊታቸውን ያጠቁራሉ። ነገሩ ከመብራቱም ከይለፍ ቃሉም እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ።

«አባቴ፣ ልጅቷ የምትለምንዎት እኮ ስለ ራስዎ ነፍስ ነው» አልኳቸው። «ስም መናገር ይህን ያህል ምን ይከብዳል?»

ዞረው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «አንተ የወዴት አገር ሰው ነህ?»

«የደብረ ብርሃን።»

«እዚህ ማን አለህ?»

«ማንም የለኝም።»

«እንግዲያው አንተ ትሰማኛለህ» አሉ። «እኔ ታረቀኝ ነኝ። ኪራሙ ወረዳ ገበሬ ነበርኩ። አገሩ ሲታወክ ጊዜ ሰዉ ሁሉ በየፊናው ተበተነ። ሸዋገነት፣ ባለቤቴ፣ ከኔ ጋር እዚህ ድረስ መጥታ ነው ነፍሷ ያረፈች። እንግዲህ አዲስ ካርድ አውጥቼ ስገባ ሐኪሙ ከሥር ጀምሮ ይጠይቀኛል። ከየት መጡ? ምን ይሠሩ ነበር? ማን አለዎት? እንቅልፍ ይወስድዎታል? በስሜ ተመልሼ የገባሁ ዕለት ግን ኮምፒዩተሩን አየና 'ያው መድኃኒት ይቀጥል' ብሎ ሸኘኝ። ፊቴን ቀና ብሎ አላየውም። ከዚያ ወዲህ በመጣሁ ቁጥር አዲስ ሰው እሆናለሁ።»

«ዛሬስ የማይስማማዎት መድኃኒት እንዳለ አልጠየቀዎትም?»

«ጠይቆኛል። የለም አልኩት። ታዲዮስን መድኃኒት አስቸግሮት አያውቅማ!»

«ስሞቹን ከየት ነው የሚያመጧቸው?» አለች ሶረቲ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«የጎረቤቶቼ ናቸው። ከታዲዮስ ጋር አጥር ለአጥር ነበርን፤ አሁን የት እንዳለ የሚነግረኝ አጣሁ። ስማቸውን ጮክ ብሎ የሚጠራልኝ ሰው ያለው እዚህ ብቻ ነው።»

ለራሴ ሳዝን የከረምኩ ሰው፣ ብቸኝነት በሽተኛ ሆኖ ወረፋ እስከ መጠበቅ እንደሚያደርስ አላውቅም ነበር። ሶረቲም ወደ ሽማግሌው ጠጋ አለች።

«ስለ ሐኪሙ ያሉት ልክ ነው» አለቻቸው። «ጥፋቱ የኛ ነው። መዝገቡ የመጣው ሐኪሙ የተጠየቀውን ደግሞ ከመጠየቅ አርፎ በሚተርፈው ጊዜ እርስዎን እንዲያይ ነበር፤ እኛ ግን ቶሎ መሸኛ አደረግነው። እኔ ራሴ ለሐኪሙ እነግረዋለሁ። እርስዎም ደግሞ ይህን ያስቡልኝ። አዲስ ሰው ሆነው ሲገቡ የምናውቀው ታዲዮስን ነው፤ ታረቀኝን የሚያውቅ ሐኪም በዚህ ግቢ የለም። ዛሬ መርፌው ቢጥልዎት 'ታዲዮስ ሞተ' ብለን እንጽፋለን። ታዲዮስ ራሳቸው በሕይወት ካሉ፣ አንድ ቀን ልጆቻቸው ፍለጋ ቢመጡ፣ የሚያገኙት ያንን ነው።»

ጫማው ከአቶ ታረቀኝ እጅ ወደቀ። ከመብራቱና ከይለፍ ቃሉ ክርክር አንዱም ያልነካቸው ሰው በዚህች ተሸነፉ።

«ታዲዮስን በገዛ እጄ ልቀብረው ነበር በይኛ!» አሉ። ከዚያ ዓይናቸውን ጠራርገው «የዚያን ዕለት ሽብሩ ነበርኩ» አሏት።

ደግፌ መርፌውን ወዳዘዘላቸው ሐኪም አስገባኋቸው። ዶክተር ሮቤራ ገና ወጣት ነው፤ ሶረቲ በጆሮው የነገረችውን ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠ። የሽብሩ መዝገብ ሲከፈት ከላይ በቀይ «ፔኒሲሊን አይሰጥ» ይላል። ለታዲዮስ የታዘዘው ፔኒሲሊን ነበር። ሐኪሙ ትዕዛዙን ሰርዞ በምትኩ ሌላ መድኃኒት አዘዘ፤ ሶረቲም የቀሩትን ስሞች ጠይቃቸው የተበታተኑትን መዝገቦች ሁሉ ታረቀኝ በሚለው ስም አንድ ላይ አዋሐደቻቸው። ሐኪሙ ኮምፒዩተሩን ወደ ሽማግሌው አዙሮ ስለ እሳቸው የተጻፈውን ሁሉ አንብቦ ነገራቸው፤ የተሳሳተ ካለ እንዲያርሙትም ጠየቃቸው።

አንባቢዬ፣ እኔ ከዚያ ክፍል የተማርኩትን ልንገርህ። ሕመምህ በትክክለኛ ስምህ በአንድ መዝገብ ሲቀመጥ፣ አንተ የረሳኸውን ወይም ያልገባህን ሌላው ሐኪም ያገኘዋል፤ የሚጎዳህ መድኃኒት ከመሰጠቱ በፊት ይያዛል፤ አንዱን ምርመራ ደጋግመህ አትንገላታም። ስምህን መደበቅ የሚጎዳው ራስህን ነው። አንተም ሐኪም ከሆንክ፣ መዝገቡ ያተረፈልህ ጊዜ የበሽተኛው መሆኑን አትርሳ። መዝገቡን አንብበህ ሰውየውን ካላየኸው፣ ሰውየው እንደ አቶ ታረቀኝ ሸሽቶህ ይሄዳል፤ ሲሸሽ ደግሞ ይሞትብሃል።

አቶ ታረቀኝ ምርቃታቸውን አዝንበው ሊወጡ ተነሡ። ሶረቲ ወደ ሥራዋ ተመልሳለች፤ ኮሪደሩ ላይ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ነው። ዶክተር ሮቤራ የኮምፒዩተሩን መጻፊያ ወደ ጎን ገፋ አደረገና ቀና ብሎ አያቸው።

«አባባ፣ ሽብሩ ግን ማን ናቸው?»

አቶ ታረቀኝ በሩን የያዙበትን እጃቸውን ለቀው ተመለሱና ተቀመጡ።