ብሉት ቀዩን ትምህርት ቤት የፈሩበት ምክንያት

አጎቴ ብሉትን መንገድ ላይ ያገኘኋቸው ባጋጣሚ ነው። አካፋ ተሸክመው ወደ ቀዩ ትምህርት ቤት ይገሰግሳሉ። ያ አሮጌ ግንብ ተማሪ ካጣ ቆይቷል፤ አሁን የእኛ፣ ከጦርነት የሸሸን የካረን ሕዝብ ስደተኞች፣ መሰብሰቢያ ነው። የጣሪያው ቀይ ቆርቆሮ ከጨረቃ ላይ ይታያል ብል ያጋነንኩት ጥቂት ነው።

«ምን ሊቆፍሩ ነው?» አልኳቸው።

«መደበቂያ። ሙ ፖ ሳትነግረኝ እዚያ ገብታለች።»

ሚስታቸው ሙ ፖ አውስትራሊያ ከገባን ሁለት ዓመት ሙሉ ከቤት አልወጣችም ነበር፤ እያደር መናገርም ተወች። እሳቸውም ውጪ አላሏት። አገራችን ሳለን አውሮፕላን መጀመሪያ የሚደበድበው ትምህርት ቤት ነበርና።

በሩ ላይ አስተማሪዋ ኤ ሴይ ተቀበለችን። ሽመና እንዳለ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ነርስ እንደምትመጣ በትሕትና አስረዳቻቸው። እሳቸው ግን ሰው በአንድ ጣሪያ ስር መከማቸት የለበትም፣ ሁሉም በየቤቱ ይቀመጥ ብለው ተከራከሩ።

«አጎቴ፣ እዚህ የሚያሳድደን የለም» አለቻቸው አስተማሪዋ።

«እዚያም እንዲህ ያለን አስተማሪ ነበር። የቀበርኩት እኔ ነኝ።»

አስተማሪዋ አንገቷን ደፋች። «መፍራትዎ ስሕተት አይደለም» አለች፤ «ግን ሙ ፖን ቤት ሲዘጉባት ፍርሃቱንም አብረው ነው የሚዘጉባት።»

ይህን ስትል፣ የጎረቤቱ ገበሬ ስንዴ ላይ የተባይ መድኃኒት የሚረጭበት አውሮፕላን ዝቅ ብሎ መጣ። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። አስተማሪዋ ከሁላችን ቀድማ ጠረጴዛ ስር ገባች፤ እኔም ወለሉ ላይ ተደፍቼ የወንበር እግር ነከስኩ። ብሉት ሚስታቸውን እየተጣሩ ወደ ውስጥ ሮጡ።

ሙ ፖ ጠረጴዛ ስር ሦስት ልጆች አቅፋ ተኝታለች። «ያልፋል፣ ያልፋል» ትላቸዋለች። ባሏን ስታይ ፈቀቅ አለች። «ጎንበስ በል ብሉት፤ ቦታ አለ።»

ድምፁ ሲርቅ ማንም አልሳቀም። ብሉት ሚስታቸውን ጠየቁ፤ «እኔ ዶሮ ፋብሪካ ስውል፣ ይሄ ነገር ሲመጣ ቤት ምን ታደርጊ ነበር?»

«አልጋ ስር እገባለሁ። እስክትመጣ አልወጣም።»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከዚያ ለአስተማሪዋ «ነገም ትምጣ» አሏት።

ዛሬ ሙ ፖ ትሸምናለች፤ ነርሷ የደም ግፊት እንዳለባት ደርሳበት መድኃኒት አስጀምራታለች። ገበሬው የሚረጭበትን ቀን አስቀድሞ ለኤ ሴይ ይነግራል፤ ብሉትም ወሬውን በየቤቱ ያደርሳሉ። አንባቢዬ ሆይ፣ ቤትህ ውስጥ ብቻውን የሚፈራ ሰው ካለ ሰው ወዳለበት ውሰደው። ብሉትን ፍርሃቱ አልለቀቃቸውም፤ ያን ድምፅ ሲሰሙ ዛሬም ጠረጴዛ ስር ናቸው። ሙ ፖ ቦታ ትይዝላቸዋለች።