አከርካሪ የሚያጠጣው ፓምፕ

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ አንድ ሽማግሌ ወገባቸውን ይዘው ያቃስታሉ። አጠገባቸው የተቀመጠችው ሴት ዝም ማለት አልቻለችም።

«ምንዎን ነው የሚያምዎት፣ አባቴ?»

«ወገቤን ነው። ልጆቼ ህንድ ወስደው ሆዴ ውስጥ ፓምፕ አስቀብረውልኝ ነበር።»

«ፓምፕ? ምን ሊያጠጡበት?»

«አከርካሪዬን ነዋ። በቀጭን ቱቦ ማስታገሻ ያንጠባጥብለታል።»

«ታዲያ ምነው ያቃስታሉ?»

«ቱቦው ከቦታው ወጣ። ያወጣሁትም እኔው ነኝ።»

«እንዴት አድርገው?»

«ሕመሙ ጸጥ ሲልልኝ ጊዜ፣ በሰሞነ ሕማማት ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። ስድስት ዓመት ያልሰገድሁትን በአንድ ሳምንት አካካስሁት።»

«ሐኪሙ ጎንበስ አይበሉ አላለዎትም?»

«ብሎኛል። እሱ ሕማማትን የት ያውቀዋል?»

«የነፍስ አባትዎስ?»

«እሳቸውማ በርታ አሉኝ። እሳቸው ደግሞ ቱቦውን የት ያውቁታል?»

«አሁንስ ምን ሊሆኑ ነው?»

«ባሕር ዳር ራጅ ልነሣ ነው። ከዚያ ልጆቼ መልሰው ህንድ ይወስዱኛል። እኔም ተስያለሁ።»

«ምን ብለው?»

«ቱቦው በደህና ከገባልኝ ሦስት መቶ ልሰግድ።»

ቡሬ እስክወርድ ድረስ የራሴን ወገብ ይዤ ተቀመጥሁ።