መብራቱ ለብቻው፣ መጋዙ ለብቻው፦ የአናጺ መርዳሳ ጉደታ ዜና ሕይወት

የተከበራችሁ ሐዘንተኞች፣ ፀሐዩ ሳይመልሳችሁ አቶ መርዳሳን ልትሸኙ ስለ መጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልን።

አቶ መርዳሳ ጉደታ ከአባታቸው ከአቶ ጉደታ ኢተፋና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጉዲቱ ሁንዴ በሁሩታ አጠገብ በ1919 ዓ.ም. ተወለዱ። ፊደል ቆጥረው፣ ናዝሬት አጎታቸው ዘንድ መጥተው እስከ ስድስተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ፣ ልባቸው ከደብተሩ ይልቅ ወደ እንጨቱ ስላደላ በአንድ አናጺ ቤት ተቀጠሩ። በ1950 ዓ.ም. ወይዘሮ ዘርፉ ገብረወልድን አግብተው አራት ልጆች አፈሩ።

በ1958 ዓ.ም. እሳቸው የኤሌክትሪክ መጋዝ ላይ ሳሉ ሌላ ማሽን ሲነሣ ፊውዙ ተቃጠለ፤ የመጋዙና የአምፖሉ መስመር አንድ ስለ ነበር ቤቱ ጨለመ፤ መጋዙ ግን ገና መሽከርከሩን አላቆመም ነበርና የግራ እጃቸውን ሁለት ጣቶች ወሰደ።

ጣት የጎደለውን አናጺ የሚቀጥር ጠፍቶ ዓመታት በቁርጥራጭ ሥራ ከገፉ በኋላ፣ በ1969 ዓ.ም. በግቢያቸው ጥግ የራሳቸውን የሥራ ክፍል ሠሩ። ሽቦ ከመዘርጋታቸው በፊት የየማሽኑን ቦታ መሬት ላይ በኖራ አሰመሩ፤ ረጅም ጣውላ ተሸክመው እየተመላለሱ ሽቦ እግር የሚጠልፍበትን፣ የእጃቸው ጥላ መጋዙ ላይ የሚወድቅበትን ሁሉ ለዩ። ሶኬቶቹ ሰጋቱራ እንዳይደርስባቸው በደረት ከፍታ፣ አምፖሎቹ በግራና በቀኝ፣ ከሁሉም በላይ መብራቱ በራሱ መስመርና ፊውዝ፣ መጋዙም በራሱ እንዲሆን ነደፉ። ወይዘሮ ዘርፉ ባለቤታቸው ካቴድራል የሚያሠሩ መስሏቸው ነበር።

የመብራት ተቆጣጣሪው ግን ሽቦ በጠፋበት ዘመን ለአንድ የጓሮ ክፍል ሁለት መስመር ከአብዮታዊ ቁጠባ ጋር አይሄድም እያለ ፕላኑን ሦስት ጊዜ መለሰው። ያለ ፊርማው ቆጣሪ አይገባም፤ ቆጣሪ ካልገባ የስድስት ሰው እንጀራ ይቀራል። በአራተኛው ጊዜ አቶ መርዳሳ ክርክሩን ትተው ፕላኑን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉና፣ ጫፉ እንዳይጠቀለል ሦስት ጣት በቀራት እጃቸው ተጭነው ያዙት። ተቆጣጣሪው ያቺን እጅ ሲመለከት ቆይቶ ፈረመ። ያ ተቆጣጣሪ ዛሬ የዕድራችሁ ጸሐፊ ሆኖ ይህን የሚያነብላችሁ ነው፤ ያን ቀን አፍሬ ነበር፣ አሁንም አፍራለሁ።

ያ ፕላን ግን አሸነፈ። ከሞጆ፣ ከመቂ፣ ከዝዋይና ከሻሸመኔ አናጺዎች እየመጡ በካርቦን ወረቀት ገለበጡት፤ አቶ መርዳሳም ኩራታቸውን አልደበቁም። በሥራ ክፍላቸው የቀጠሩት ሠራተኛ መግባቱ በስም ጥሪ አይረጋገጥም ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ሠራተኛው ሁሉ ሁለት እጁን ያነሣል፣ እሳቸው ጣት ይቆጥራሉ። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ቁጥሩ አንድም ቀን አልጎደለም።

ባደረባቸው የሳንባ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ትናንት ጠዋት፣ መጋቢት 14 ቀን 1981 ዓ.ም. ዐረፉ። ሠራተኞቻቸው ሣጥናቸውን ሲሠሩ ማምሻው ላይ የማሽኖቹ ፊውዝ ተቃጠለ፤ መብራቱ ግን አልጠፋም። ሁሉም መጋዙ እስኪቆም ጠበቁ፤ ከዚያም ማንም ሳያዛቸው እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ።

አቶ መርዳሳ ባለቤታቸውን፣ አራት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ዘጠኝ አናጺዎችንም ከነዘጠና ጣቶቻቸው ትተውልን ሄደዋል። የብርሃን ጌታ ነፍሳቸውን መብራት በማይጠፋበት ስፍራ ያሳርፍልን፤ እዚያ በሚቆጠሩበትም ጠዋት ሙሉ አሥር ጣት ያንሡ። አሜን።