ከአዳማ የመጣው የሐዘን መልእክት

አባቴ ሲቀበር ታላቅ ወንድሜ ከአዳማ አልመጣም፤ «ሥራ ይዞኛል» ብሎ በቴሌግራም የሐዘን መልእክት ላከ። ጎረቤታችን ድንኳኑ ውስጥ ጮክ ብለው ሲያነቡት ሰው ሁሉ አለቀሰ። እናቴ ወደ እኔ ዞራ፣ «አንቺ የተማርሽው አንዲት መስመር እንኳ አልጻፍሽለትም» አለችኝ። አንገቴን ደፋሁ። ግን «ማታ ማታ በተረት ያሳደገን አባታችን» የሚለው ቆረቆረኝ። አባቴ የኮምባይነር ሹፌር ነበር፤ አጨዳ ሲደርስ ዲክሲስና በቆጂ ሲል ይከርማል፣ ቤት ሲገባም ቃል አይወጣውም።

ሐረጉን እንዳለ በትእምርተ ጥቅስ ከትቼ ኢንተርኔት ላይ ፈለግኩት። አንድ የመወያያ ድረ ገጽ ላይ፣ «አባቴ ሞቷል፤ ምን ልጻፍ?» ከሚል የማላውቀው ሰው ጥያቄ ሥር ሙሉው መልእክት ቁጭ ብሏል።

በማግስቱ እናቴ፣ «ለወንድምሽ መልስ ስጪው፤ እንደሱ የሚያምር ይሁን» አለች። እዚያው ገጽ ላይ የመልስ ናሙናም ነበር፤ ቀድቼ ላክሁለት። ወዲያው ጻፈልኝ፦

«አስለቀስሽኝ እኮ! ይሄን ቃል ከየት አመጣሽው?»

«አንተ ካመጣህበት» አልኩት።

እናቴ አሁንም የእሱን መልእክት ታስነብበኛለች። ተረቱ ጋ ስደርስ ድምፄን ሳልቀይር አነብላታለሁ።