ጭልፊት ሊያዩ የወጡ ዕለት

«አሚ ጃን፣ ካሮቱ ዘንድሮ እንዴት ጣፍጧል... ብርዱ ነው መሰለኝ። ብርድ ለካሮት እንጂ ለሰው አይሆንም። ሻልዎን ልደርብልዎት?»

ሻጉፍታ ይህን ስትል ልቧ ካሮቱ ላይ አልነበረም። በአሮጌዋ ዴልሂ፣ በቤታቸው ሰገነት ላይ፣ ፀሐይ እየሞቁ ለምሳ የተቀመጡት አራት ናቸው፦ እሷ፣ የባሏ እናት አሚ ጃን፣ ቅንድቧ ላይ ፕላስተር የተለጠፈላት የዘጠኝ ዓመት ልጇ መህሪን፣ እና የባሏ ታላቅ ወንድም ኢፍቲኻር፣ ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር። ጠዋት ከአሚ ጃን በቀር ሦስቱ፣ ከሻጉፍታ ባል ከተንቪር ጋር፣ ጭልፊት ሊያዩ መስጊዱ አጠገብ ወዳለ የሥጋ ቤት ሰገነት ወጥተው ነበር። ኢፍቲኻር ግን ከሁሉም ቀድመው ቤት ገቡና ለእናታቸው እንዲህ አሏቸው፦ «ልጅቷ ወፍ እይዛለሁ ብላ ተቧጨረች። ትምህርት ቤት ያልገባ ልጅ ሥርዓቱ ይኸው ነው። ከሰኞ ጀምሮ ትግባ።»

መህሪንን ፊደል ካስቆጠረቻት ቀን ጀምሮ እቤት የምታስተምራት ሻጉፍታ ናት። የቤቱ የመጨረሻ ቃል ደግሞ የአሚ ጃን ነው። የታናሽ ወንድም ሚስት የባሏን ታላቅ ፊት ለፊት መሞገት በዚያ ቤት ነውር ስለሆነ፣ ሻጉፍታ ለአማቷ ካሮት እየቆረጠች ጨዋታዋን ቀጠለች።

«መቼም አዋቂ ይዞ እንደ መውጣት ያለ ምን አለ? ዛሬ አንድ ትልቅ ሰው አብረውን ስለነበሩ፣ እኔም በዚህ ዕድሜዬ ተማርኩ። መህሪን ደብተሯን ዘርግታ በመስጊዱ ላይ የሚያንዣብቡትን ትቆጥራለች። አርባ ሦስት ደርሳለች። ‹ጭራቸው እንደ መቀስ የተከፈተ ነው፣ ጭልፊቶች ናቸው› ትላለች። እኚያ ሰው ግን ‹ንስር ነው፣ ዝም በይ› አሏት። አርባ ሦስት ንስር፣ ከአንድ ሥጋ ቤት በላይ... ታድለን የለ? እኛ እዚሁ ተወልደን አንዱንም ሳናይ ቀረን።

«ከዚያ ለወፎቹ ሥጋ ሰደቃ የሚያወጡት ሰዎች መጡ። ሥጋውን ወደ ላይ ሲወረውሩት ጭልፊቶቹ... ይቅር ይበሉኝ፣ ንስሮቹ... አየር ላይ ይቀልባሉ። መህሪን ‹ሥጋ በእጅ ይዞ መቆም ጥሩ አይደለም፣ ይነጥቃሉ› አለች። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይባል የለ? እሳቸውም በቂጣ የተጠቀለለ ጥብሳቸውን ከፍ አድርገው እንደያዙ ስለ ክንፍ ማስተማራቸውን ቀጠሉ። ምን ይደረግ... ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ ጭልፊት ይምከረው።»

ኢፍቲኻር ትን አላቸው። ሻጉፍታ ቀና ሳትል ውሃ ቀድታ ከፊታቸው አኖረች።

«ምን እያልኩ ነበር? አዎ... አንዱ ወደ ጥብሳቸው ወረደ። ተንቪር ሥጋ ሊገዛ ታች ወርዷል፣ እኔ ደረጃው አፍ ላይ ነኝ፣ ብሮጥም አልደርስ። እኚያ ሰው ግን ሲፈጥኑ፣ አሚ ጃን። በዚያ በሚያማቸው ጉልበት! መህሪንን በአንድ እጃቸው ትከሻዋን ያዙና ከፊታቸው አቆሟት። እንዴት ያለ ደግነት ነው? ሌላ ሰው ቢሆን እሱ ከፊት ቆሞ ልጅቷን ይጋርድባት ነበር። እሳቸው ግን በቅርብ ትይ ብለው ቦታቸውን ለቀቁላት። ጥፍሩን ሳይቀር አየችው። ትንሽ ዝቅ ቢል ኖሮ... መቼስ በአንድ ዓይንም ይታያል።»

መህሪን አንገቷን ደፋች። ሻጉፍታ አንድ ቁራጭ ካሮት ጎረሰች፣ ቀስ ብላ አላመጠች፣ ዋጠች።

«ጥብሱ ግን፣ አልሐምዱሊላህ፣ አልተነካም። ደረጃውን ሲወርዱም እጃቸው ላይ ነበር። የነብር ጭራ አይዙም፣ ከያዙም አይለቁም ይላሉ... ጥብስም እንደዚያው ነው ለካ። የልጄን ደም በሻሼ እያበስኩ ስመለስ መህሪን ምን አለችኝ መሰለዎት? ‹እማ፣ ወፉ እኮ አላጠፋም፣ የፈለገው ሥጋውን ነበር።› ስለ ሰው አንዲት ቃል አልተናገረችም። ይህን ዝምታ ማን አስተማራት? እኔ መቼ አውቅበትና... አሁን እንግዲህ ትምህርት ቤት ትግባና፣ ሥርዓት ከሚያውቁት እግር ሥር ተቀምጣ ትማር።»

አሚ ጃን እጃቸውን ከሳህኑ አነሱ። የበኩር ልጃቸውን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ፤ ኢፍቲኻር ወደ መስጊዱ ዞረው ነበር። አሮጊቷ መህሪንን በጣታቸው ጠርተው ከጎናቸው አስቀመጡ፣ ፕላስተሩን ዳሰስ አደረጉና ደብተሯን እንድትከፍትላቸው ጠቆሙ። ሰኞ መጣ፣ ሄደ፤ ስለ ትምህርት ቤት በዚያ ቤት ያነሳ አልነበረም።

በዚያ ምሳ ላይ ግን ኢፍቲኻር ምግባቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ። ሻጉፍታ ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳብ አድርጋ፣ እንደ ጨዋ ምራት ተነሥታ መንገድ ለቀቀችላቸው፤ ፊቷ ግን አሁንም ወደ አማቷ ነበር።

«እኚያ ትልቅ ሰው፣ አሚ ጃን፣ ያሉበት ይመቻቸው። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ክፉ ነገር በመጣባቸው ቁጥር አላህ... ከፊታቸው የሚቆም ልጅ አያሳጣቸው።»