የቻርጀሩን ሆድ ያላመኑት እትዬ ማኑሄ

እትዬ ማኑሄ፣ ዛሬ የጡረታ ሽኝትዎ ቀን ነውና እባክዎ ሳያቋርጡኝ ይስሙኝ። ብርጭቆውን ገልብጠው ሥሩ ላይ ምን እንደተጻፈ ሲያነቡ አይቻለሁ። የሆቴሉ ነው፣ ይጠጡበት።

ለእንግዶቻችን ልንገራችሁ፤ እትዬ ማኑሄ መካኒሳ ወዳለው የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ፍተሻ ክፍላችን ተዛውረው የመጡ ቀን፣ ጥበቃችን ከበበው በር ላይ መታወቂያ ጠየቃቸው። "አንተስ ያንተ የታለ?" አሉት። ደንግጦ አወጣላቸው። ገብተው ቦርሳቸውን እንኳ ሳያስቀምጡ ጠረጴዛ ሥር አጎነበሱ። አንዲት ምስኪን ዲቫይደር ላይ የሻይ ማፍያው፣ ማሞቂያው፣ ኮምፒውተሩ፣ የሁላችንም ቻርጀር ተሰክቷል። ነቀሏት። ኃላፊያችን አቶ ሉቃስ ከጠዋት ጀምረው የጻፉት ሪፖርትም አብሮ ጠፋ። ማነው ይሄን ሁሉ የሰካው ሲሉን፣ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነን የምንል ሁሉ ጣሪያ ጣሪያውን አየን። እስከ ዛሬ አልታወቀም። ጸሐፊያችን ገላኔ፣ አንቺን እያየሁ አይደለም።

እትዬ ማኑሄ ሰው ይወዳሉ፤ ማመኑ ነው የሚያስቸግራቸው። ቻርጀር ሲሰጧቸው ቅቤ እንደሚገዛ ሰው ወደ አፍንጫቸው ያስጠጉታል፣ መዳፋቸው ላይ ከፍ ዝቅ ያደርጉታል፣ ከዚያ ያመጣውን ሰው ያዩታል። ሰውየውን ነው ረዘም አድርገው የሚያዩት። አንዴ ከብስራተ ገብርኤል በታክሲ ስንመጣ፣ አጠገባቸው የተቀመጠ ጎረምሳ ስልኩን በፓወር ባንክ ቻርጅ ያደርጋል። እጃቸውን ዘርግተው ዳሰሱትና ይሞቃል አሉት። "ኖርማል ነው ማዘር" አለ። ወራጅ አለ ብለው እኔንም ጎትተው አወረዱኝ። መካኒሳ የገባነው በእግራችን ነው፤ እሳቸው መንገዱን ሁሉ "ኖርማል" የምትለዋን ቃል ሲረግሙ ነበር።

ከዚያ ያ የቻርጀር መመሪያ ረቂቅ መጣ። አገር ውስጥ የሚሸጥ የስልክና የታብሌት ቻርጀር ሁሉ ስልኩ ላይ የሚሰካው አፉ አንድ ዓይነት ይሁን የሚል ነው። እውነት እንነጋገር፣ አጨበጨብን። የተጠላለፈ ገመድ የሞላበት መሳቢያ ቤቱ የሌለው ማን አለ? እሳቸው ብቻ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። "ጥሩ ነው። ግን አስመጪዎቹ ለምን ከእኛ በላይ ደስ አላቸው?" አሉ።

ረቂቁ ለፍተሻ የሚሆነውን ናሙና አስመጪው ራሱ ያምጣ ይል ነበር። አንዱ በሚያምር ካርቶን ይዞልን መጣ። ፈተሽነው፣ እንከን የለውም። እትዬ ማኑሄ መዳፋቸው ላይ ከፍ ዝቅ አደረጉትና ጠየቁት፦

"ይሄ ለሕዝቡ የመጣው ነው ወይስ ለእኛ?"

ሰውየው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ያንኑ ዕለት እኔን አስከትለው ለቡ ካለ አንድ ሱቅ፣ ያንኑ ስም የያዘ ቻርጀር እንደማንኛውም ገዢ ተከራክረው ገዙ። አፉም ማሸጊያውም ያው ነው። መፈተሻው ላይ ስንሰካው ግን ቀለጠ፤ ሽታው አቶ ሉቃስ ቢሮ ድረስ ገባ።

ናሙናውን ፈታሹ ራሱ ከገበያ ይግዛ የምትለው አንቀጽ የገባችው እንዲህ ነው። አንቀጿን የማይወዷት በየስብሰባው "ጉዳዩ የአፉ ነው፣ ለምን እናወሳስበዋለን?" ይሏቸዋል። እሳቸው ደግሞ "አፉን አንድ ስናደርግለት እኮ መጥፎውም ሁሉም ስልክ ላይ ይገባል" ይላሉ። አንቀጿን እስከ ዛሬ ያቆዩዋት በዚህ ክርክር ነው።

አሁን ቀልዱን ልተወው። ባለቤቴ ኦብሴ የወለደች ሰሞን እትዬ ማኑሄ ሊጠይቁን ቤት መጡ። ሌላው ሰው ገብቶ መጀመሪያ ሕፃኑን ያያል። እሳቸው አልጋው አጠገብ ያለውን ሶኬት አዩ፣ ቻርጀሬን ነቅለው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ፣ ልጄን የሳሙት ከዚያ በኋላ ነው። ሲወጡ ኦብሴ "ሴትዮዋ ቻርጀራችንን ይዘው ሄዱ እኮ" አለችኝ። በማግስቱ ቢሮ ከፈትነው። አፉ መመሪያው የሚለው ዓይነት ነው። ሆዱ ውስጥ ግን የግድግዳውን ኃይል ከስልኩ የሚለየው ነገር ጭራሽ የለም። ሙያዬ ይሄው ሆኖ ያንን ዕቃ ልጄ ራስጌ ሰክቼው ነበር። እትዬ፣ ያን ቀን ሳላመሰግንዎት ቀረሁ። ዛሬ በሰው ፊት አመሰግንዎታለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅና ልጨርስ፤ አቶ ሉቃስ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የእትዬ ማኑሄ ጡረታ የሚጀምረው ወሩ ሲያልቅ ነው። ሽኝቱ ለምን ዛሬ ሐሙስ ሆነ? ምናልባት አዳራሹ ሌላ ቀን ስላልተገኘ ይሆናል። ይሁን። ግን ሰኞ ጠዋት ረቂቁ ለመጨረሻ ጊዜ ይታያል፤ ያቺም አንቀጽ "እንደገና ትታይ" ተብላለች። ከተጠሩት መካከል እትዬ ማኑሄ የሉም። ለምን ብዬ ስጠይቅ "ተሸኝተዋል እኮ" ተባልኩ። ይሄ የተባለው ትናንት ነው፤ ኬኩ ገና አልተጋገረም ነበር። ማንንም አልከስም። ስምንት ዓመት እሳቸው አጠገብ ተቀምጬ ግን ቀኑን ቀድሞ የመጣ ደግነት ሳላገላብጥ መቀበል አልችልም።

በሉ፣ ብርጭቋችንን እናንሳ። እትዬ ማኑሄ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ከልጅ ልጆችዎ ጋር የሚስቁበት፣ እንቅልፍ የሚጠግቡበት ጡረታ ያድርግልዎት፤ ወሩ ሲያልቅ። እስከዚያ ግን ሠራተኛ ነዎት። ሰኞ ጠዋት መጥቼ ከቤትዎ እወስድዎታለሁ፣ ስብሰባው ውስጥ አብረን እንገባለን። ወንበር አልተዘጋጀም ካሉን የእኔ ላይ ይቀመጣሉ፤ እኔ እቆማለሁ።

ለእትዬ ማኑሄ!